ስሕተቱ የመኪናው ነው ወይስ የሰው እጅ?
ከሶደሬ ፍል ውሃ እስከ ገንዘብ መምቻ ቤት፤ ሳንቲምን አገላብጦ የማየት ብልሃት

ከአዳማ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሶደሬ በፍል ውሃው የታወቀ ስፍራ ነው። ለወገብ ሕመም ፈውስ ፍለጋ የሚመጣው ሽማግሌም፣ ለመዋኘትና ለመዝናናት የሚመጣው ወጣትም ወደ ውሃው ሲገባ፣ በኪሱ ወይም በመቀነቱ የነበረው ዝርዝር ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ አብሮት ይገባል። ማዕድን ባዘለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቈየ ሳንቲም ሲወጣ ግን የቀድሞ መልኩን ይዞ አይወጣም። ቢጫ የነበረው ይቀላል፤ ነጭ የነበረው ይጠቍራል፤ ጽሑፉም ይፈዛል። ያገኘው ሰው «ይህስ የተለየ ነው፤ በስሕተት የተሠራ መሆን አለበት» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም።

መገረሙ ባልከፋ። ችግሩ የሚመጣው ከመገረሙ ቀጥሎ ነው። በገንዘብ መምቻ ቤት ስሕተት የወጣ ሳንቲም በውጭ አገር ብዙ ገንዘብ ያወጣል የሚለው ወሬ ስለ ተዛመተ፣ የተቀጠቀጠውም፣ የተፋቀውም፣ ዝገት የበላውም ሁሉ «ብርቅ ነው» ሊባል ይችላል። ለልጁ ትምህርት ቤት ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን አዋሽ ውስጥ ጣለው ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ እውነተኛ ስሕተት ያለበትን ሳንቲም በእጁ ይዞ፣ እንዲያምርለት ብሎ በአመድና በሎሚ ፈትጎ ዋጋውን ራሱ የሚያጠፋ አለ። ሁለቱም የሚጐዱት አንድ ነገር ባለማወቃቸው ነው፤ ይኸውም ሳንቲሙ ሲወለድ ይዞት የመጣውን ጕድለት፣ ከተወለደ በኋላ ካገኘው ቍስል ለይቶ ማየት ነው።

ሳንቲም እንዴት ይወለዳል?

ጕድለቱን ለመለየት አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል። በመምቻው ቤት ማዕድኑ በመዳመጫ ተድጦ ረዥምና ዝርግ ቆርቆሮ ይሆናል። ከዚህ ቆርቆሮ ላይ መብሻ መኪና ክብ ክቡን እየቈረጠ ያወጣል። እነዚህ ገና ሥዕልና ጽሑፍ የሌላቸው ጥሬ ክቦች ናቸው። ቀጥሎ ጥሬው ክብ ዙሪያውን በሚጫን ሌላ መኪና ውስጥ ሲያልፍ ጠርዙ ጥቂት ከፍ ይላል። በመጨረሻም በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይገባል። አንደኛው ከላይ፣ አንደኛው ከታች ሆነው በታላቅ ኀይል አንድ ጊዜ ሲመቱት የፊቱና የጀርባው ሥዕል በአንድነት ይታተማል። በምቱ ጊዜ ማዕድኑ ወደ ጎን እንዳይፈስ ዙሪያውን የሚይዘው የብረት ቀለበት አለ፤ የሳንቲሙ ጎን ጥርስ ካለውም የሚያወጣለት ይኸው ቀለበት ነው።

እንግዲህ መኪናው ሊሳሳት የሚችልባቸው ስፍራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ጥሬው ክብ፣ ሁለተኛው ማኅተሙ፣ ሦስተኛው ምቱ ነው። አንድ እንግዳ ነገር በሳንቲም ላይ ሲታይ የሚጠየቀው ጥያቄም ይህ ነው፦ ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምን ቢደርስ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚወጣው? መልስ ከተገኘ ምርመራው ይቀጥላል። መልስ ከታጣ ግን ጕድለቱ ከመምቻው ቤት ሳይሆን ከገበያ፣ ከውሃ፣ ከእሳት ወይም ከመዶሻ የመጣ ነው።

ስሕተት የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

አስቀድሞ ሰውን የሚያሳስቱ አንዳንድ የአገራችንን ገንዘቦች እናንሣ።

በአገራችን ጠገራ ብር የሚባለው የማሪያ ቴሬዛ ብር ሁሉም 1780 የሚል የፈረንጆች ዓመት አለበት። ነገር ግን ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ በዚያው ዓመት ጽሑፍ በቪየና ሲመታ ኖሯል፤ በፈረንጆች ከ1935 ዓ.ም. ወዲህም በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ተመትቷል። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ይህን ብር ሲቀበሉ የዘውዷንና የትከሻዋን ጌጥ ዕንቍዎች እየቈጠሩ፣ የጠፋ ወይም የፈዘዘ ካለበት አንቀበልም ይሉ ነበር። ሳንቲምን በዐይንና በጣት መመርመር እንግዲህ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በራሳችን ገበያ የነበረ ነው።

የዐፄ ምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው። በፓሪስ ተመትቶ 1887 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ባለበት ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ የፊት እግሩን ነው። በኋላ በወጡት በ1892 እና በ1895 ዓ.ም. ብሮች ላይ ግን የቀኝ እግሩን አንሥቶ ይታያል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው አንዱ ተሳስቶ የተቀረጸ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን ማኅተሙ በመለወጡ የመጣ ልዩነት ነው።

በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ዘመን የወጡት የመዳብ ሳንቲሞች ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቢመቱም የሚታይባቸው ዓመት ፲፱፻፴፮ ብቻ ነው። የ1936 ዓ.ም. የሃያ አምስት ሳንቲም አንዱ ክብ፣ አንዱ ዙሪያው እንደ አበባ የተቀነጠሰ ሆኖ ቢገኝም ስሕተት አይደለም። ክቡ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር በመጠን ስለ ተመሳሰለ ተሰብስቦ፣ ዙሪያው የተቀነጠሰው በፈረንጆች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተተክቷል።

የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞችም ትንሽ ራስ ያለው አንበሳና ትልቅ ራስ ያለው አንበሳ አላቸው። ይህም የሆነው በተለያዩ ማኅተሞች ስለ ተመቱ ነው። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ልዩነት ዐይነት ይሉታል እንጂ ስሕተት አይሉትም። በዐሥር ሺህ የሚቈጠር ወንድም ያለው ሳንቲም አንድ ሰው ዐይቶት ስለማያውቅ ብቻ ብርቅ አይሆንም።

እብጠትና ስርጕደት

ከሁሉ በፊት በቃል ሊያዝ የሚገባው ሕግ ይህ ነው። ማኅተሙ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በማኅተሙ ላይ ጐድጓዳ ስለ ሆነ፣ በምቱ ጊዜ ማዕድኑ ገብቶ ይሞላዋል፤ ስለዚህ በሳንቲሙ ላይ የሚወጣው ቀጭን እብጥ ያለ መስመር ነው። ሳንቲሙ ከወጣ በኋላ ሚስማር ወይም ድንጋይ ቢጭረው ግን ጭረቱ ወደ ውስጥ የገባ ይሆናል። እንግዲህ ጥፍርን በመስመሩ ላይ ማስኬድ ነው። ጥፍር ከተሰናከለና መስመሩ ከፍ ካለ የማኅተም ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ጥፍር ከገባበት ጭረት ነው። የማኅተሙ ጠርዝ ተሰብሮ የወደቀ እንደ ሆነም በሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ሥዕል የሌለው ለስላሳ እብጠት ይወጣል።

ይህ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ሆኖም ሁልጊዜ አይደለም። በምቱ ሰዓት በማኅተሙና በጥሬው ክብ መካከል የጨርቅ ክር ወይም የብረት ፍንጣሪ ቢገባ በሳንቲሙ ላይ ስርጕደት ይተዋል። እንዲህ ያለው ስርጕደት ወለሉ ልሙጥ ነው። የሚስማር ጭረት ግን በሁለት ዳሩ የተገፋ ማዕድን ተቈልሎ ይታያል፤ ይህም በማረሻ የተገለበጠ አፈር እንደሚመስል ያለ ነው።

የተቈረጠ፣ የተንሻፈፈ፣ የተደገመ

ጠርዙ እንደ ጨረቃ የጐደለ ሳንቲም ቢገኝ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። መብሻው መኪና አስቀድሞ በተበሳ ቀዳዳ ላይ ደርቦ ቢቈርጥ ጥሬው ክብ ከመጀመሪያው ጐዶሎ ይወጣል። አለዚያም አንድ ሰው በመጋዝ ወይም በሞረድ ቈርጦታል። መለያው ከጕድለቱ ትይዩ ባለው ጠርዝ ላይ ነው። ጥሬው ክብ ጠርዙን በሚያነሣው መኪና ሲያልፍ፣ በጐደለው በኩል የሚጫነው ስለሌለ ትይዩው ጠርዝም በደንብ አይነሣም። ስለዚህ በእውነተኛው ላይ ከጕድለቱ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ፈዛዛ ነው። በተጨማሪም ከጕድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ወደ ባዶው እየፈሰሱ የቀጠኑ ይሆናሉ። ሰው የቈረጠው ላይ ግን ትይዩው ጠርዝ ሙሉ ነው፤ ፊደሉም እንደ ተቈረጠ ዳቦ በድንገት ያልቃል።

ጥሬው ክብ በማኅተሙ መካከል በትክክል ሳይቀመጥ ቢመታ ሥዕሉ ወደ አንድ ወገን ይንሻፈፋል፤ የቀረውም ወገን ባዶ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሳንቲም በቀለበቱ ስላልተያዘ ሊሰፋ ይችላል፤ ክብደቱ ግን አይጐድልም። በመዶሻ ወይም በባቡር ሐዲድ ላይ ተዘርግቶ የሰፋ ሳንቲምም ክብደቱን አያጣም፤ ይሁንና ሥዕሉ አብሮ ይለጠጣል፣ ፊደሉ ይደፈጠጣል፣ ፊቱም የተሰባበረ ጭረት ይይዛል። በመኪና የተንሻፈፈው ላይ የተመታው ክፍል ጥርት ያለ ነው።

ፊደል ወይም ቍጥር የተደገመበትም አለ። በፈረንጆች በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላደልፊያ የተመታው አንድ ሳንቲም ጽሑፉ ሁሉ ድርብ ሆኖ የወጣው ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ በመደገሙ ነው፤ ከ20 ሺህ የማያንሱት ወደ ሕዝብ እጅ ገብተው ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። በእንዲህ ያለው ላይ ሁለቱም ፊደሎች ክብ ክብና ሙሉ ሆነው ይታያሉ፤ ማዕዘናቸውም እንደ ርግብ ጅራት ይሰነጠቃል። ማኅተሙ ከመታ በኋላ ሲነሣ ተንሸራቶ የገፋው ፊደል ግን አጠገቡ ያለው ጥላ ዝቅ ያለና እንደ ደረጃ ዝርግ ነው። ይህ ዐይነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ስለ ሆነ ዋጋ አያወጣም።

አንድ ሳንቲም ተመትቶ ሳይወጣ ሌላው ጥሬ ክብ ቢገባበት፣ የፊተኛው ሥዕል በኋለኛው ላይ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦና ወደ ውስጥ ገብቶ ይታተማል። ይህን የሚያስመስሉ ሰዎች ሁለት ሳንቲም ደርበው በብረት ማሰሪያ ይጨምቃሉ። ማጋለጫው ቀላል ነው። በጭምቅ የተሠራው ላይ የራሱ ሥዕል ከሥር ተደፍጥጦ ይታያል፤ የተገለበጠው ምስልም ቍርጥራጭ ነው። በእውነተኛው ላይ የተገለበጠው ምስል ብቻውን ስፍራውን ይይዛል።

ፊደል ጐድሎ ሲገኝም እንደዚሁ መመርመር ያሻል። በማኅተሙ ጕድጓድ ውስጥ ቅባትና ትቢያ ሲሞላ ፊደሉ ቀስ እያለ ፈዝዞ ይጠፋል፤ ዙሪያው ግን እንደ ሌላው ስፍራ ልሙጥ ነው። የተፋቀ ከሆነ ዙሪያው ሸካራ ወይም ከሌላው በተለየ የሚያብለጨልጭ ነው።

ውሃው የሚሠራው

አሁን ወደ ፍል ውሃው እንመለስ። የ1969 ዓ.ም. አምስትና ዐሥር ሳንቲም የተሠሩት ከመዳብና ከዚንክ ነው፤ ቢጫነታቸውም ከዚሁ ቅልቅል የመጣ ነው። ጨውና ማዕድን ባለበት ሙቅ ውሃ ብዙ ሲቈዩ ዚንኩ አስቀድሞ ይበላና መዳቡ ብቻ በፊታቸው ይቀራል። ስለዚህ ሳንቲሙ ይቀላል። ያልተረዳ ሰው «በሌላ ማዕድን ላይ በስሕተት የተመታ ነው» ይላል። ነገር ግን ፊቱ በመነጽር ሲታይ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው፤ ክብደቱም ከወንድሙ ይቀንሳል። በሌላ ማዕድን ላይ የተመታ እውነተኛ ሳንቲም ፊቱ የተቦረቦረ አይሆንም።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመት የተጻፈባቸው የአምስት፣ የዐሥር፣ የሃያ አምስትና የሃምሳ ሳንቲሞች ደግሞ ውስጣቸው ብረት ሆኖ በሌላ ማዕድን የተለበጡ ናቸው። ልባጡ አንድ ስፍራ ከተጫረ ውሃው ይገባና ውስጡን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ሲያብጥ ልባጡን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። ይህ እብጠት ከፍ ያለ ስለ ሆነ ከላይ ያልነውን ሕግ የሚያፈርስ ይመስላል፤ ሆኖም በመርፌ ጫፍ ቢነካ ይፈረፈራል፣ ቡናማ ዝገትም ይወጣዋል። የማኅተም ስብራት እብጠት ግን ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም ከሌላው ፊት አይለይም።

አሲድ ውስጥ የገባ ሳንቲም ደግሞ እንዳለቀ ሳሙና ይሆናል። ቀጭን ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ሟሙተዋል። «በቀጭን ቆርቆሮ ላይ የተመታ» እየተባለ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እሳት ያገኘውም ይጠቍራል ወይም ይሰማያዊ፤ ልባጥ ካለውም በሁለቱም ፊት ይቋጥራል።

መሣሪያው በአጠገባችሁ ነው

ለዚህ ሁሉ ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጕያ የወጣ ማግኔት፣ የሰዓት ሠሪ መነጽር፣ በወርቅ ቤት የሚገኝ ጥሩ ሚዛን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያው ዓመትና ያው ዋጋ ያለው አንድ ጤነኛ ሳንቲም ይበቃል። ማወዳደሪያ ሳይኖር መፍረድ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው።

የማግኔት ጥቅም በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለው። አሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት በፈረንጆች 1943 ዓ.ም. የአንድ ሳንቲም ገንዘቧን በዚንክ ከተለበጠ ብረት አወጣች። ጥቂቶች ብቻ በስሕተት በቀድሞው የመዳብ ቅልቅል ላይ ተመቱ፤ እነርሱም እጅግ ውድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የብረቱን ሳንቲም በመዳብ እየለበጡ ሊያታልሉ ሞከሩ። ማግኔት የሚስበው ግን ውስጡ ብረት ስለ ሆነ ወዲያው ይጋለጣል። በእኛም አገር የ1969 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሳንቲም በማግኔት አይሳብም፤ የ1996ቱ ይሳባል። አንድ ሰው «በተለየ ማዕድን የተመታ» ብሎ ሲያመጣ አስቀድሞ የሚታየው ዓመቱ ነው።

በሁለቱም ወገን አንድ ዐይነት ፊት ያለው ሳንቲም ቢቀርብም መጠንቀቅ ይገባል። እንዲህ ያለውን አስማት የሚያሳዩ ሰዎች አንዱን ሳንቲም ቦርቡረው ሌላውን ሞርደው ያገጣጥሙታል። ከጠርዙ ውስጠኛ ዳር ቀጭን መገጣጠሚያ ይታያል፤ በድንጋይ ላይ ሲጣልም ድምፁ የታፈነ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዓመት የወጣው ባለ ሁለት ማዕድን የአንድ ብር ሳንቲምም መካከሉ በመዶሻ ወጥቶ ዞሮ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በመገጣጠሚያው ዙሪያ የግፊት ጭረት አይጠፋም።

ከመሸጥና ከመግዛት በፊት

እውነተኛ ስሕተት ተገኘ ማለት ሀብት ተገኘ ማለት አይደለም። ዋጋውን የሚወስነው የስሕተቱ ታላቅነት፣ የሳንቲሙ ጤንነትና ፈላጊ መኖሩ ነው። ገዢ ሳይገኝ ዋጋ ቈጥሮ መበደር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለውን መሆን ነው። የሚገዛ ሰውም ሻጩ ሳንቲሙን በሚዛንና በማግኔት እንዲያስፈትን ይጠይቀው፤ እንቢ ካለ መልሱ ተገኘ።

ያገኘነውን ሳንቲም በአሸዋ፣ በአመድ፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ መፈተግ ፈጽሞ አይገባም። ፍትጊያው የፊቱን ቆዳ ስለሚልጠው፣ እውነተኛውን ስሕተት እንኳ ከተበላሸው ጋር ያመሳስለዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ተፈትጎ ያብለጨለጨው ሳንቲም የቀድሞ ፊቱን መልሶ አያገኝም። በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ ሳያሹ አድርቆ፣ በወረቀት ፖስታ ማኖር ይበቃል።

ከአክሱም ዘመን የወጣ መሐለቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የአክሱም ነገሥታት በመዳብና በብር ገንዘባቸው ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ወርቁን የኋላ ሰው ጭማሪ ወይም ቈሻሻ መስሎት ይፍቀዋል፤ በዚህም ሺህ ዓመት አልፎ የተረፈ የእጅ ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ጥንታዊ ቅርስ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209 የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ያገኘው ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስታውቃል እንጂ ከአገር አያወጣውም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በብሔራዊ ሙዚየም የአክሱምን ገንዘብ አይቶ ዐይኑን ሊያሠለጥን ይችላል።

የቈሰለ ሳንቲምም ቢሆን ንቀት አይገባውም። ለአንገት ጌጥ የተበሳው ጠገራ ብር በሰብሳቢ ሚዛን ዋጋው ቢቀንስም፣ ለአንዲት ቤተ ሰብ የአያት መታሰቢያ ነው። ከፍል ውሃ የወጣው ቀይ ዐሥር ሳንቲምም የሶደሬን ውሃ ጠባይ ለልጆች ለማስተማር ይጠቅማል። የሚያስፈልገው እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ነው፤ ቍስሉን ቍስል፣ ስሕተቱን ስሕተት ማለት። ይህን ያወቀ ሰው ገንዘቡን ከአታላይ፣ ብርቁን ሳንቲም ከአመድና ከሎሚ፣ ቅርሱንም ከስደት ያድናል።